በአቡጀዲ የጠቀለልኩት አጥንት

ቁጡ ነሽ ሲሉኝ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም። መካነ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼ የሚደነግጡት ጠመኔ ስይዝ ሳይሆን ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የማወራው ጣጣ ግማሹ ከዚሁ ጠባዬ ስለመጣ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ የመጣው ያለ ልማዴ አፌን በመዝጋቴ ነው።

ከከተማችን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ መጀመሪያ ጥቁር ገደል አለ፤ እሱ ሲያልቅ ነጣ ያለ፣ ደረጃ ደረጃ የሠራ የኖራ ድንጋይ ይጀምራል። ይህ ድንጋይ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ነበር። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ሄጄ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት በፋሲካ ዕረፍት ከአንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ ጋር ወረድኩ። እሷ ፀሐዩን መቋቋም አቅቷት ሁለተኛ አልተመለሰችም። እኔ ድንጋይ ውስጥ ተጋግሮ የቀረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አገኘሁና በዚያው ለከፈኝ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በሌለበት ወር ሁሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ገደሉ አፋፍ በጭነት መኪና፣ ከአፋፉ ቁልቁል በእግሬ መውረድ ሆነ ሥራዬ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ከአንድ የድንጋይ እርከን ግንባር ላይ ክብ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። የጣሳ ክዳን ያህላል፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ከጎኑ ሌላ አለ፤ ከሱም ቀጥሎ ሌላ። የጀርባ አጥንት ነበር። አጠገቡ የጎን አጥንቶች እንደ ማጭድ ጎብጠው ተኝተዋል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።

ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስደርስ ፎቶውን አዲስ አበባ ላለ አንድ የጥንት አጥንት ባለሙያ በቴሌግራም ላክሁለት። ከዚያ በፊት በቀንድ አውጣዎቼ ምክንያት ብዙ ያስቸገርኩት ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። በዚያው ዕለት ማታ ደወለ።

"ቲቸር፣ እባክዎ እንዳይነኩት!" አለኝ፣ ከሰላምታ በፊት።

ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ ተሳቢ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም አለ። አንገቱ ረጅም፣ በእግር ፋንታ አራት መቅዘፊያ ያለው፣ የሰው ልጅ ከመፈጠሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተ። ስልኩን ዘግቼ እልል አልኩ። አከራዬ ማን ተዳረ ብለው እየሮጡ መጡ።

እሱ እንዳይነኩት ይበል እንጂ ድንጋዩ አልሰማውም። በሳምንቱ ስመለስ እርከኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። ክረምቱ ሲገባ ሁሉንም ይዞ ገደል እንደሚገባ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ባለሙያው ደግሞ ከመስከረም በፊት መምጣት አይችልም። ስለዚህ ነገሩ በወረቀት ሆነ፤ የወረዳው የቅርስ ሰዎች ፎቶውን አይተው፣ አጥንቱ ተነሥቶ እስኪመረመር ድረስ በእኔ ኃላፊነት እንዲቀመጥ ደብዳቤ ጻፉ፤ እኔም ፈረምኩ። ቅርስ ነውና ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከዚያ ባለሙያው በስልክ እያስተማረኝ፣ እኔ በመዶሻና በመሮ፣ ግንቦትን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ፈለፈልኩ።

ዘዴው ከባድ አይደለም። አጥንቱን ከያዘው ድንጋይ ጋር ዙሪያውን ፈልፍሎ ማላቀቅ፣ በሶፍት መሸፈን፣ ከዚያ በጀሶ የተነከረ ጨርቅ ደጋግሞ መጠቅለል ነው። ጀሶው ሲደርቅ የተሰበረ እግር እንደሚይዘው ሁሉ አጥንቱንም አጥብቆ ይይዘዋል። ጨርቁ ምን ዓይነት ይሁን ብዬ ብጠይቀው "የተገኘው ይሁን፣ ብቻ ጥጥ ይሁን" አለኝ። በመካነ ሰላም ገበያ እንደ ልብ የሚገኘው የጥጥ ጨርቅ አቡጀዲ ነው። ነጋዴው ጨርቁን እየለካልኝ አንገቱን ደፋ። ሲጨርስ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ" አለኝ። አቡጀዲ በዚያ ልክ የሚገዛው ለከፈን ነው። "ኧረ ለሥራ ነው!" ብዬ ሳቅኩ። ያኔ ብነቃ ኖሮ ከብዙ ነገር እድን ነበር።

ትልቁ ጥቅል የአሥር ዓመት ልጅ ቁመት ይሆናል፤ ረዘም ብሎ፣ በሁለቱም ጫፍ ሾል ብሎ፣ ነጭ። ትንንሾቹን በማዳበሪያ ከረጢት አደረግኳቸው። ለሸክሙ ከወግዲ በኩል ለቀን ሥራ የመጡ ስምንት ሰዎች አገኘሁ። ያን አቀበት ከባድ ነገር ይዞ ለመውጣት ያለው መላ አንድ ነው፤ ቃሬዛ። በሽተኛም ሆነ አስከሬን የሚወጣው በሱ ነው። እንጨት ቆርጠው በጠፍር አሰሩ፣ ጥቅሉን አጋደሙበት፤ እኔም እንዳይነቃነቅ በነጠላዬ አሰርኩት። አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የጀሶ ብናኝ ሲገባበት ስለሰነበተ ዓይኔ ደም መስሎ፣ አብጦ፣ እንባው አላቋርጥ ብሎ ነበር። አፋፉ ላይ ካለው መንደር የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ገለል ብለው ቆሙ፤ ባርኔጣ ያደረጉት አወለቁ። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ መንገድ ለቀቁልን ብዬ ደስ አለኝ።

ከመንደሩ የመጀመሪያው ቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የአንድ ገበሬ ቤት ነው። በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ውሃ የምጠጣው፣ መዶሻና መሮዬን የማሳድረው እሳቸው ዘንድ ነበር። ንግግር አይወዱም። ሸክሙ ከበራቸው ሲወርድ ጥቅሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ምንድን ነው ልጄ?"

አፌን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አስተማሪዋ ወርቅ ትቆፍራለች ተብሎ ተወርቶ፣ ሰዎች ተከትለውኝ እየወረዱ ድንጋዩን ሁሉ ሲፈነቅሉት አይቻለሁ። ያ እንዲደገም አልፈለግሁም።

"አጥንት ነው አባቴ" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ። "አሁን ሌላ አይጠይቁኝ። ክረምቱ እስኪያልፍ ጭድ ቤትዎ ይቀመጥልኝ። ለማንም እንዳይናገሩ፤ አደራ።"

"እሺ ልጄ። አይዞሽ" አሉ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው።

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኝ ነበር። ስለ አቀበቱ ድካም ያዘኑልኝ መሰለኝ። ተሸካሚዎቹ ወደ ወግዲ፣ እኔ ወደ መካነ ሰላም ሄድን፤ በሳምንቱ ዝናቡ ጀመረ፣ መንገዱም ተዘጋ።

ጥቅምት ውስጥ ባለሙያው ደወለ። ማክሰኞ መኪና ይዞ እንደሚመጣ፣ የቅርስ ሰዎችም አብረውት እንደሚሆኑ ነገረኝ። እኔ ዕቃዬን ላዘጋጅ ብዬ ቅዳሜ ቀድሜ ሄድኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ለገበሬው ጋቢ፣ ለባለቤታቸው ሻሽ ገዝቼ ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ጭድ ቤቱን ከፈትኩ።

ጭዱ አለ። ጥቅሉ የለም። ከረጢቶቹም የሉም። ጭዱን በእጄም በእግሬም በተንኩት፤ ምንም የለም።

"አባቴ፣ ዕቃዬ የታለ?"

ገበሬው መሬት መሬት አዩ። "ደህና ቦታ ነው" አሉ።

"ደህና ቦታ ማለት የት ነው?"

"ነገ ቅሬው ይሰበሰባል። እዚያ ይነገርሻል።"

ቅሬ የአገራችን የቀብር ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድነት ገብቶበት የሞተ የሚቀብርበት፣ ያዘነ የሚያጽናናበት። የእኔን ዕቃ ከቅሬ ጋር ምን አገናኘው? ደግሜ ብጠይቅ "ነገ" ነው መልሱ። ባለቤታቸው ክንዴን ይዘው "ልጄ፣ ቀስ በይ፤ ቁጭ በይ እስቲ፣ ውሃ ቅመሺ" ይሉኛል። ዓይኔን ግን አያዩትም። ዓይን የሚሸሽ ሰው ምን እንዳደረገ ከክፍል አውቃለሁ ብዬ ደመደምኩ። ከደሴ የመጣ አንድ ደላላ ታየኝ፤ መኪና ታየኝ፤ አጥንቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ድንበር ሲሻገር ታየኝ። ከዚያ የፈረምኩበት ደብዳቤ መጣብኝ፤ ቅርስ ሸጣለች ተብዬ ተማሪዎቼ ፊት በፖሊስ ስወሰድ ራሴን አየሁት። ደሜ ፈላ።

"ሌባ!" አልኳቸው። "አደራ በላ! ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? አያፍሩም?"

ስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ነበር። ቢያንስ አሥራ አምስት ሰው ሰምቷል። የገበሬው ፊት እንደ አመድ ሆነ፤ ዱላቸውን አንሥተው ወደ እርሻቸው ወረዱ። ባለቤታቸው "ምነው ልጄ፣ ምነው?" እያሉ ቀሩ። ጋቢውንና ሻሹን ይዤ ወጣሁ። እልኸኛ ነኝ አላልኩም?

በቀበሌው ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ዘንድ አደርኩ። ያቀረቡልኝን እራት አልነካሁም። ለፖሊስ የምሰጠውን አቤቱታ በልቤ አረቅቅ ነበር፤ በሱ መካከል ደግሞ "ደህና ቦታ ነው" ያሉበት አነጋገር እየመጣ ያውከኛል። የሸጠ ሰው እንደዚያ ረጋ ብሎ ይናገራል እንዴ? ነገሩን ዋጥ አደረግሁት። መቆጣት ይቀላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት የማኅበሩ ቤት ፊት አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሰብሳቢው ነጭ ቆብ ያደረጉ እስላም ሽማግሌ ናቸው፤ ከጎናቸው የመንደሩ ቄስ አሉ። ገበሬው ከሁሉም ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ክሴን ልጀምር አፌን ስከፍት ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ።

"እንግዲህ ልጄ" አሉ ሰብሳቢው፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። በጊዜው ደርሰን አላጽናናንሽም፤ አፉ በይን።"

"እግዚአብሔር ያጥናሽ" አሉ ቄሱ።

"እግዜር ያጥናሽ" አለ ሕዝቡ።

ክው አልኩ። አባቴም እናቴም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሌላ ማን ሞቶብኝ ነው?

"በማን ነው የምጽናናው?" አልኩ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ከበረሃ ባወጣሻቸው ነዋ" አሉ ቄሱ፣ በለሆሳስ። "ወንድምሽ ይሁኑ ባልሽ ይሁኑ አልጠየቅንም። አንቺም መናገር አልፈለግሽም፤ ዘመኑ ደግሞ የማን ሬሳ ነው ተብሎ የሚጠየቅበት አልነበረም።"

ከዚያ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። አቡጀዲ የለበሰ ነገር በቃሬዛ ሲወጣ መንደሩ አይቷል። ከኋላው አንዲት ሴት ዓይኗ እስኪቀላ እያለቀሰች ስትከተል አይቷል። ገበሬውን ቢጠይቋቸው "አደራ ነው" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። ሐምሌን ሙሉ ያልተቀበረ ሬሳ በጭድ ቤታቸው አስቀምጠው፣ እንቅልፍ አጥተው ከረሙ። ነሐሴ ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ጥቅሉን ፈቀቅ ሊያደርጉ ሲሞክሩ አንዱ ጥግ ተሰበረና የጎን አጥንት ወጣ። ያን ጊዜ ወደ ሰብሳቢው ሄደው "አደራ የተሰጠኝ አጥንት ዝናብ እየነካው ነው፤ ላስቀብረው ወይስ ልጅቷን ልጠብቅ?" ብለው ጠየቁ። ቅሬው ሙት በጭድ ውስጥ አይከርምም አለ። ሐዘንተኛዋ ራሷ ሐዘኗን እስክትናገር ድረስም ማንም አፉን እንዳይከፍት ተማማለ። ለሐዘንተኛ ነገሩን የሚገልጸው ቅሬው እንጂ ግለሰብ አይደለም፤ ገበሬው ቅዳሜ ዕለት ያን ሁሉ ስድብ ተሸክመው ዝም ያሉት ለዚህ ነበር።

"ሃይማኖታቸውን ስላላወቅን" አሉ ሰብሳቢው፣ "ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብርና ከእኛ መቃብር መካከል ያለው ወሰን ላይ አደረግናቸው። እኛ ዱአ አደረግን። ቄሱም ክርስትና መነሣታቸው ስላልታወቀ ፍትሐት አላደረሱም፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙላቸው።"

"ራስጌና ግርጌያቸውን መለየት ነው ያስቸገረን" አሉ ቄሱ። "እኔ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ይሁን እላለሁ፣ እሳቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ይሁን ይላሉ፤ ፊታቸው የት እንዳለ ግን ማንም አያውቅም።"

"የአርባቸውንም ዳቦ ቆርሰናል" አሉ የገበሬው ባለቤት ከሴቶቹ መካከል። "ያንቺን ድርሻ ለነዳያን ሰጠሁልሽ።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አጥንቱ አለ! አልተሸጠም፣ ድንበር አልተሻገረም፤ ከዚህ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቆ ዱአ ተደርጎለት፣ አርባው ወጥቶለት ተኝቷል። ከጀርባዬ ላይ ወፍጮ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬ መጣ፤ ሁለቱንም መያዝ አቃተኝ። ሴቶቹ ሐዘኑ አሁን ገነፈለባት ብለው ደግፈው ያዙኝና እነሱም ማልቀስ ጀመሩ።

መናገር ነበረብኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን ከፈትኩ።

"ሰው አይደሉም" አልኩ። እኔም ሳላስበው አንቱ አልኩት። "ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ ነው። ከአዳም በፊት የሞተ።"

ቄሱ ስልኩን ተቀብለው አዩ፣ ለሰብሳቢው አቀበሉ። "አውሬ ነው ያስቀበርሽን?" አሉ ቄሱ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን ለማፈን ሲል ሳለ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ጠቆረ። አሁን ገና ፈራሁ። ለአጥንቱ አልነበረም የፈራሁት፤ እነዚህ ሰዎች ከእርሻቸው ቀርተው፣ ጉድጓድ ምሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው የለመኑበትን ነገር መሳቂያ እንዳደረግሁባቸው ገባኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የወርቁን ወሬ፣ ጀሶውን፣ አቡጀዲውን፣ ዓይኔን።

"ብትነግሪን ኖሮ እንጠብቅልሽ ነበር" አሉ ሰብሳቢው።

ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና "ነፍስ ነበረው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ነበረው። ይተነፍስ ነበር። ከውሃው ብቅ እያለ አየር ይስብ ነበር።"

"እንግዲያ ዱአችን የትም አልወደቀም" አሉ። "ፍጥረት ነው፤ የፈጠረው ያውቀዋል።" ወደ ቄሱ ዞሩ። "ፊቱ ግን የት ነበር ወላሂ?"

ያን ጊዜ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሩት ሰዎች ራሳቸው እንዲከፍቱት፤ ፖሊስም ሌላ እጅም እንዳይገባበት። ያልሳቁት ገበሬው ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ ሲበተን ተከተልኳቸው።

"አባቴ፣ አፉ በሉኝ። አላወቅሁም።"

ቆም አሉ፤ ግን አልዞሩም። "ሌባ ያልሽኝ ለብቻዬ አልነበረም" አሉኝና ሄዱ።

ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አብሮኝ ዋለ። ሃምሳ ዓመት በዚያ መንደር የኖሩ፣ ዘራቸው በእርሻቸው፣ ስማቸው በሰው አፍ የሚታወቅ ሰው ናቸው። እኔ ነገ ወደ ከተማዬ እሄዳለሁ፤ "አስተማሪዋ እንኳ ሌባ ብላቸው ነበር" የሚለው ግን እዚያው ይቀራል።

ማክሰኞ ባለሙያው ከቅርስ ሰዎች ጋር መጣ። በስልክ የነገርኩትን ማመን አቅቶት መንገዱን ሙሉ ይስቅ እንደነበር ሾፌሩ ነገረኝ። መቃብሩ ጋ ሲደርስ ግን ኮፍያውን አወለቀ። የቅሬው ሰዎች አፈሩን አነሡ። እስላሞቹ እንደ ወጋቸው ጉድጓዱን ቁልቁል ከማሱ በኋላ ጎኑን ፈልፍለው ነው ያስገቡት፤ ደጁን በሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘግተው፣ ክፍተቱን በጭቃ መርገውታል። ድንጋዮቹ ሲነሡ ጥቅሉ እንዳስቀመጡት ነበር። ከረጢቶቹ ከግርጌው ናቸው፤ ወይም ከራስጌው። ባለሙያው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ጀሶውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ደረቅ ነው" አለ፣ ቀና ብሎ እያየኝ። "ቲቸር፣ ደረቅ ነው! እኔ ከዚህ የተሻለ አላስቀምጠውም ነበር።"

ከዚያ የገበሬው ባለቤት ጭድ ቤቱን አሳዩት። ቅዳሜ በጥድፊያዬ ቀና ብዬ ያላየሁት ጣሪያ አንዱ ጥግ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጥቅሉ የነበረበት ቦታ ከሥሩ ያለው ጭድ በስብሶ ጠቁሯል። ጀሶ ውሃ ሲጠጣ ይላሽቃል። እዚያው ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የምናገኘው ጭቃና ስብርባሪ ነበር። ባለሙያው ይህን ሁሉ በማስታወሻው ጻፈ፤ "ማን አስቀመጠው ልበል?" ሲለኝ "ቅሬው" አልኩት።

አጥንቱን በቃሬዛ እስከ መኪናው አደረሱት። ሕዝቡም ከልማድ የተነሣ ከኋላው ተከተለ። ጭነው ሲጨርሱ ባለሙያው ግቢ አለኝ፤ ሂዱ፣ እደርሳለሁ አልኩት። መኪናው ሲሄድ ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ ተከፍቶ የሚተው ነገር አይደለም። ወንዶቹ አካፋቸውን አነሡ።

"አንድ ጊዜ ጠብቁኝ" አልኩ።

የወጣው አፈር ክምር ላይ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ነው የኖርኩት፤ ጥፋቴን ልናገር ብዬ ግን ቆሜ አላውቅም። ቅዳሜ ከየቤታቸው የወጡትን ጎረቤቶች በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ ነበሩ።

"ቅዳሜ ዕለት እኝህን ሰው በደጃቸው ሌባ ብያቸዋለሁ" አልኩ፣ ወደ ገበሬው እያመለከትኩ። "አደራ በላ ብያቸዋለሁ። ስጮህ ሰምታችሁኛል። ውሸቴን ነበር። እኔ የፈረምኩበትን አደራ ጭድ ውስጥ ጥዬ ሄድኩ፤ እሳቸው ግን እንደ ሰው አስቀበሩልኝ፣ ሲሰደቡም ቃላቸውን ጠበቁ። ያንን የሰማ ይህንንም ይስማ። አባቴ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት አፉ በሉኝ።"

ገበሬው አካፋ ይዘው ከጉድጓዱ ማዶ ቆመዋል። እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ሁሉም መስማቱን እያረጋገጡ ነበር። ባለቤታቸው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሴትየዋ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው።

ጉድጓዱን ዞረው ወደ እኔ መጡ።

"አብሽሪ" አሉኝ። አካፋውን ዘረጉልኝ። "በይ አፈሩን መልሺ፤ ክፍት አያድርም።"

ተቀብዬ መለስኩ። መዳፌ ውሃ እስኪቋጥር መለስኩ፤ ማንም ላግዝሽ አላለኝም፣ እኔም እንዲያግዙኝ አልፈለግሁም።